ሕግ አክባሪነትና ደግነት

«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለው የምናብ ጨዋታ በ1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ታትሞ ሲወጣ፣ ተጫዋቹ በሐሳቡ ፈጥሮ በቃል የሚያንቀሳቅሰው ሰው ከሦስት ወገን በአንዱ እንዲሰለፍ ደንቡ ያዝዝ ነበር፤ እነርሱም ሥርዓት፣ ሁከትና በሁለቱ መካከል መቆም ናቸው። ደግነትና ክፋት የራሳቸው መስፈሪያ አልነበራቸውም። በ1978 በወጣው የጋሪ ጋይጋክስ የተጫዋቾች መጽሐፍ ግን ሁለቱ መስፈሪያዎች ተለይተው ቆሙ፤ የአንዱ ሦስት ከሌላው ሦስት ጋር እየተጣመረም ዘጠኝ ዓይነት ጠባይ ተገኘ።

ከዘጠኙ ሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠው ሥርዓት አክባሪው ክፉ ነው። ይህ ሰው ቃሉን አያጥፍም፣ የሐሰት ፊርማ አይፈርምም፣ መዝገቡም የተስተካከለ ነው፤ ዳሩ ግን በዚያው በደንቡ ድኻውን ያደቅቃል። በአንጻሩም ሕግ ጥሶ የተራበ የሚያበላ ደግ አለ። ማኅተም በእጁ ለያዘ ሰው ይህ ልዩነት የጨዋታ ነገር ብቻ አይደለም።

ጉድለቱ ወዲህ ነው። ጠባይ ከሥራ አስቀድሞ በወረቀት ስለሚጻፍ፣ ባልንጀራውን ከድቶ «የእኔ ሰው ጠባዩ ነው፤ ምን ላድርግ?» የሚል ተጫዋች አይታጣም። (ይህን ማመካኛ ከጨዋታ ውጭም ስንሰማው ኖረናል።) ይሁን እንጂ የ1978ቱ መጽሐፍ በሩን ወለል አድርጎ አልከፈተለትም፤ ፓላዲን የተባለው የጽድቅ ፈረሰኛ ዐውቆና ወድዶ ክፉ ከሠራ፣ በወረቀቱ ላይ «ደግ» ተብሎ መጻፉ አያድነውም፤ ማዕርጉ በዚያው ቅጽበት ይወሰድበታል፣ አይመለስለትምም።