ዓሣና አሳዳሪው

የሰውን ጠባይ ለመመርመር ብዙ መንገድ አለ። አንዳንዱ ሰውን በጓደኛው፥ አንዳንዱ በአነጋገሩ፥ አንዳንዱም በገንዘብ አያያዙ ይመዝነዋል። እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ሚዛን የሚመስለኝ፥ ሰው ሊከሰውና ሊመሰክርበት በማይችል ፍጥረት ላይ ሥልጣን ሲያገኝ የሚሠራው ሥራ ነው። ላም ብትራብ ትጮኻለች፤ ውሻ ቢመታ ያላዝናል፤ ግልገልም እናቱን ቢያጣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ይጣራል። የዓሣ ብሶት ግን ወደ ጆሯችን አይደርስም። በዝምታ ይራባል፥ በዝምታ ይታመማል፥ በዝምታም ይሞታል። እንግዲህ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ በመስተዋት ውስጥ የሚኖር አንድ ትንሽ ዓሣ ስለ ሰው ኃላፊነት ምን ሊያስተምረን እንደሚችል ጥቂት አብረን እንድናስብ እለምናችኋለሁ።

ዓሣን ለምግብ ሳይሆን ለዓይን ደስታ ማኖር አዲስ ነገር አይደለም። ቻይናውያን ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ጀምረው፥ መልኩ እምብዛም ከማያምረው የኩሬ ዓሣ መካከል አልፎ አልፎ ቀይና ቢጫ ሆኖ የሚወለደውን እየለዩ በማራባት፥ ዛሬ ወርቃማ ዓሣ የምንለውን አስገኙ። ይህም ዓሣ በ17ኛው መቶ ዘመን ወደ አውሮፓ ገባ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1853 ዓ.ም. ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ማኖሪያ በለንደን ከተማ በአራዊት መጠበቂያው ስፍራ ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህም ልማዱ ከአገር ወደ አገር እየተስፋፋ ሄደ። በአገራችንም በአዲስ አበባ በአንዳንድ ሆቴልና በአንዳንድ ሐኪም ቤት፥ እንግዳ በሚቀመጥበት ክፍል፥ አኳሪየም የሚሉት የዓሣ መስተዋት ይታያል። ዛሬ ደግሞ በየክፍለ ሀገሩ ከተማ ያለ ወጣት ይህን አይቶ ይመኘዋል።

እኔም በወላይታ ሶዶ ከተመኙት አንዱ ነበርሁ። ሶዶ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው በዳሞታ ተራራ እግር ሥር፥ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በስተ ደቡብ ምሥራቅ ዝቅ ብሎ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የአባያ ሐይቅ ተዘርግቷል። ስለዚህ የአገሩ ሰው ዓሣን የማያውቅ አይደለም፤ ቆሮሶውንም አምባዛውንም ያውቃል። ነገር ግን የሚያውቀው በገበያና በድስት ውስጥ ነው። በቤት የሚያኖረው እንስሳ ከብት ነው። በቀድሞው የወላይታ ሣር ቤት ላሟ ከቤተ ሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ታድር ነበር። እርስዋ ወተቷንና ቅቤዋን ትሰጣለች፤ እበቷም ለጓሮው እንሰት ማዳበሪያ ይሆናል። ባለቤቱም በፈንታው ሣር ያጭድላታል፥ ውሃ ያጠጣታል፥ ከብርድና ከአውሬም ይጠብቃታል። ሁለቱ በውል እንደ ተሳሰሩ ሰዎች ይኖራሉ ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሁለት ወርቃማ ዓሦች በላስቲክ ከረጢት አድርጌ ባመጣሁ ጊዜ፥ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ መስተዋቱን ትክ ብለው ተመልክተው፥ «ልጄ፥ ይህ ይታለባል ወይስ ይታረዳል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይ አባቴ፥ አይታለብም፥ አይታረድምም፤ ይታያል እንጂ» አልኋቸው።

ሽማግሌውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «እንግዲያስ ባለ ዕዳው አንተ ነህ። ላም ቀለቧን በወተቷ ትከፍላለች። ይህ ግን ምንም ሳይለምንህ አምጥተኸዋል፤ የምትከፍለው አንተ ብቻ ነህ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነገሩን እንደ ቀልድ ቈጥሬ ሳቅሁ። ቁም ነገሩ የገባኝ ዓሦቹን ከገደልሁ በኋላ ነው።

የገደልኋቸው በክፋት አይደለም፤ በፍቅር ነው። ሁለት ወር ያህል በደኅና ከኖሩ በኋላ መስተዋቱ አረንጓዴ መልበስ ጀመረ። እኔም በዓል ስለ ደረሰ ቤታቸውን ላሳምርላቸው ብዬ ውሃውን በሙሉ ደፋሁ፤ ጠጠሩንም በፈላ ውሃ አጠብሁ፤ ከዚያም በቀጥታ ከቧንቧ የተቀዳ ንጹሕ ውሃ ሞላሁላቸው። መስተዋቱ እንደ ዕንቍ አበራ። በሦስተኛው ቀን ጧት ግን ሁለቱም ተገልብጠው በውሃው ላይ ተንሳፍፈው አገኘኋቸው።

በኋላ መጻሕፍት ስመረምር ነገሩን ተረዳሁት። ዓሣ በስንጥቡና በቆሻሻው የሚያወጣው አሞኒያ የተባለ መርዝ አለ። በጠጠሩና በመስተዋቱ ግድግዳ ላይ የሚራቡ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይህን መርዝ በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም እምብዛም ወደማይጎዳው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በቂ ሆነው እስኪራቡ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እኔ ቆሻሻ መስሎኝ ጠጠሩን በፈላ ውሃ ሳጥብ ዓሦቹን የሚጠብቁትን ዘበኞች ፈጀሁ። ከዚህም በላይ ለእኛ ጤና ሲባል በቧንቧ ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል፤ ውሃው በክፍት ዕቃ አንድ ቀን ያህል ቢቆይ ግን ክሎሪኑ ይተናል። በየሳምንቱ ከውሃው ሢሶውን ብቻ መለወጥ ይበቃኝ ነበር።

ከዚህ አንድ ትምህርት አገኘሁ፤ ይኸውም በጎ ፈቃድ ብቻውን በጎነት አለመሆኑ ነው። የሚያሳድሩትን ፍጥረት ኑሮ ሳያውቁ መውደድ፥ ራስን ማስደሰት እንጂ እርሱን መውደድ አይደለም። እኔ የወደድሁት የመስተዋቱን ማብራት ነበር። ዓሣው የሚፈልገው ግን እኔን ደስ የማያሰኘኝን ያን የለበሰ ጠጠር ነበር። ስንት አባት ለልጁ፥ ስንት መምህርም ለተማሪው እንዲሁ አድርጎ ይሆን? የሚያምረውን ሰጥቶ የሚያስፈልገውን ነሥቶት ይሆን?

አንዳንድ ሰው ግን ከዚህ የሚጠልቅ ጥያቄ ያነሣል። «ለመሆኑ ፍጥረትን ለዓይን ደስታ ብሎ መዝጋት ራሱ ግፍ አይደለምን? ለምን ወደ ሐይቅ አትለቀውም?» ይላል። ጥያቄው የቅን ሰው ጥያቄ ነውና በቅንነት መመለስ ይገባዋል።

ወርቃማው ዓሣ በሰው እጅ ከብዙ ትውልድ ጀምሮ ሲራባ የኖረ ነው። የሚያብረቀርቀው መልኩ ለእኛ ጌጥ ቢሆንም በሐይቅ ውስጥ ግን ለሚያድነው ወፍና ዓሣ ምልክት ነው። ስለዚህ እርሱን መልቀቅ ብዙውን ጊዜ ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው። ተርፎ ቢራባ ደግሞ ጉዳቱ ወደ ሐይቁ ይዞራል። ናይል ፐርች የተባለው ትልቅ ዓሣ በ1950ዎቹ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ከተጨመረ በኋላ፥ በሌላ ስፍራ የማይገኙ በመቶ የሚቈጠሩ የትናንሽ ዓሣ ዓይነቶች ወደ መጥፋት ደርሰዋል። የጣናን ሐይቅ ያስጨነቀው እምቦጭም የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ በዓለም የተበተነውም አበባው ያምራል ብለው ሰዎች በየኩሬያቸው ስለ ተከሉት ነው። ይህ አረም በጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ ወደ አባያም ደርሷል። እንግዲህ ያሰለቸንን ፍጥረት ወደ ወንዝ መጣል ምሕረት መስሎ የሚታይ ስንፍና ነው።

መልቀቅ ካልተቻለ ዕዳችን ምንድር ነው? ዕዳችን ስፋትና ዕውቀት ነው። ወርቃማ ዓሣ በሚገባ ከተያዘ 30 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ዕድሜውም ከአሥር ዓመት ያልፋል። በእንግሊዝ አገር አንዲት ዓሣ 43 ዓመት ኖራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ሞታለች። ይህን የሚያህል ዕድሜ ያለውን ፍጥረት በአንዲት ክብ ብርጭቆ ውስጥ ማዞር በእርግጥ ግፍ ነው። በኢጣልያ የሞንዛ ከተማ በ2004 ዓሣን በክብ ዕቃ ማኖርን የከለከለው ስለዚህ ነው። ዓሣ ሕመም ይሰማዋልን የሚለውንም ሊቃውንት ብዙ ተከራክረውበታል፤ በ2003 በእንግሊዝ አገር በወጣ ጥናት ግን ዓሣ በፊቱ ላይ የሚጎዳ ነገርን የሚለዩ ነርቮች እንዳሉት ታውቋል። ክርክሩ ዛሬም ባያልቅ፥ ጥርጣሬ ሲኖር ለደካማው መፍረድ የቅን ዳኛ ወግ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ከመጀመሪያው ጥፋቴ በኋላ ስድሳ ሊትር የሚይዝ መስተዋት አሠርቼ ሌሎች ሁለት ዓሦች አኖርሁ። ለሚለወጠው ውሃ ብዬም ሁለት ጀሪካን እየሞላሁ አቈይ ነበር። አንድ ጊዜ የቧንቧው ውሃ ለብዙ ቀን ጠፋ። ሰዉ ሁሉ ቢጫ ጀሪካኑን ተሸክሞ ወደ ምንጭ ይወርድ ጀመር። በአራተኛው ቀን አሥር ዓመት የማይሞላት የጎረቤት ልጅ ባዶ ጀሪካን ይዛ ከደጄ ቆመች። እናቷ ታማባት ነበር። በተከፈተው በር መስተዋቱን አየችና፥ «ጋሼ፥ ዓሣው ይህን ሁሉ ውሃ ብቻውን ይጠጣዋል?» አለችኝ።

በጣፋጭ ውሃ የሚኖር ዓሣ ውሃን ምንም ያህል እንደማይጠጣ፥ ውሃው በስንጥቡና በቆዳው እንደሚገባው አንብቤ አውቅ ነበር። ነገር ግን የልጅቱ ጥያቄ እርሱ አልነበረም። ስድሳ ሊትር የእርስዋ ሦስት ጀሪካን ነው። አፍሬ ዝም አልሁ። ሁለቱንም ጀሪካን ይዤላት ሄድሁ፤ ለዓሦቹም ምግባቸውን ቀነስሁ፤ ጥቂት የሚበላ ዓሣ የሚያወጣው መርዝ ጥቂት ነውና። በስድስተኛው ቀን ውሃው መጣ፤ ዓሦቹም ተረፉ።

ይህን የሰማ አንድ ወዳጄ፥ «ሰው ውሃ ባጣበት ከተማ ዓሣ ማኖር ኃጢአት ነው፤ ድፋቸው» አለኝ። ሌላው ደግሞ፥ «በገንዘብህ የገዛኸው ነው፥ ማን ምን አገባው?» አለኝ። ሁለቱንም ልቀበላቸው አልቻልሁም። ችግር ከምድር እስኪጠፋ ድረስ ደስታ ሁሉ ይከልከል ካልን፥ በደጅ አበባ መትከልም በክራር መጫወትም ክልክል ሊሆን ነው። ደግሞም ትልቅ ግዴታ ሲመጣ ትንሹ ይቀድሙታል እንጂ አይሽሩትም። የጎረቤቴ ጥማት ዓሦቹን ለመግደል ምክንያት አይሆነኝም። በአንጻሩ ግን በጎረቤት ላይ በር የሚዘጋ ደስታ፥ በገንዘብ የተገዛ ቢሆንም እንኳ፥ የተሰረቀ ደስታ ነው። እንግዲህ የተፈቀደው ደስታ በክፉ ቀን ወደ ኋላ ቆሞ ለሰው ቦታ ሊለቅ የሚችለው ነው። የእኔ ጥፋት ዓሣ መግዛቴ አልነበረም፤ ስገዛ ዋጋውን ብቻ ቈጥሬ ክፉውን ቀን አለመቍጠሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛ ጀሪካን ጨመርሁ፤ እርሱም የዓሣው ሳይሆን የጎረቤት ድርሻ ነው። ከመስተዋቱ የሚወጣውን አሮጌ ውሃም አልደፋውም፤ ለአትክልት መልካም ምግብ አለውና ጎመን አጠጣበታለሁ።

በመስተዋት ፊት መቀመጥ ሌላም ነገር ያሳያል። በዚያች ጠባብ ውሃ ውስጥ የሚጣል ነገር ሁሉ ከዚያው ይቀራል፤ «ወዲያ» የሚባል ስፍራ የለም። ከፍ ካለ ስፍራ ሆናችሁ አባያን ብትመለከቱ ውሃው ቀላ ብሎ ታዩታላችሁ፤ ብላቴን የመሳሰሉት ወንዞች ከየተዳፋቱ ጠርገው የሚያመጡት አፈር ነው። ሐይቁም ትልቅ መስተዋት ነው፤ አሳዳሪዎቹም እኛ ነን። በሁምቦ ሕዝቡ 2,728 ሄክታር የተራቈተ ተራራ ከከብትና ከምሳር ጠብቆ ዛፉ ከጉቶው እንዲያንሠራራ አድርጓል። ያ ሥራ በትልቁ ሲታይ ጠጠሩን ሳያውቁ ከመቀቀል ተቈጥቦ ዘበኞቹን እንደ መጠበቅ ያለ ጥበብ ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ ዓሣም ቢሆን፥ ውሻም ቢሆን፥ ወፍም ቢሆን ወደ ቤታችሁ ልታስገቡ ስታስቡ አስቀድማችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ኑሮውን አውቃለሁን? ዕድሜውን ሙሉ ላሳድረው እችላለሁን? ውሃ በጠፋ፥ ገንዘብ ባነሰ፥ እኔም በታመምሁ ጊዜ የእርሱንም የጎረቤቴንም ድርሻ ማድረስ ይሆንልኛልን? መልሱ እሺ ካልሆነ በሌላ ሰው ቤት አይቶ መደሰት ይበቃል፤ ማየት ዕዳ የለበትም። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ሲሉ፥ ከሳሽ በሌለበት የሚጠበቅ ቃል ከሁሉ የከበረ መሆኑን መናገራቸው ነው። ዓሣው አይከስም። ስለዚህ እርሱን በሚገባ ያሳደረ ሰው፥ ነገ በእጁ የሚገቡትን ደካሞች፥ ሕፃኑንም፥ ሽማግሌውንም፥ በሽተኛውንም ለማሳደር ጥቂት ተለማምዷል ማለት ነው።