ከካሜራው በፊት ዓይን

ልጆቼ፣ ለካሜራ ገንዘብ ማጠራቀማችሁን አልነቅፍም። ነገር ግን አዳማ ወይም ዝዋይ ሜዳ ላይ ውሎ ያደገ ልጅ የፎቶውን ትምህርት ሳያውቀው ጀምሮታል። ወንጭፍ ይዞ ግራር ሥር ያደፈጠ ልጅ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ወፏ የትኛው ቅርንጫፍ ላይ ማረፍ እንደምትወድ፣ ምን ያህል ሲጠጓት ብድግ እንደምትል ያውቃል። ድንጋዩን ጥላችሁ ዕውቀቱን ያዙ።

ዝዋይ ሐይቅ ዳር ዓሣ አጥማጆች ሲመለሱ አባ ኮዳዎቹ ቀድመው ተኮልኩለው ይጠብቃሉ፤ የዓሣው ሆድ ዕቃ እንደሚጣልላቸው ለምደዋል። ይህን የሚያውቅ ልጅ በስልኩ ጥሩ ፎቶ ያነሣል። የማያውቀው ደግሞ ውድ ሌንሱን ታቅፎ የወፍ ጀርባ ይዞ ይመለሳል። ማልዳችሁ ውጡ፤ በበጋ ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ በእኛ ሸለቆ ብርሃኑ ይነጣል፣ አቧራውም ይነሣል።

ፍላሚንጎ ሲበር ለማንሣት እየሮጡ መንጋውን የሚያስበረግጉ ሰዎች አሉ። ነውር ነው። ወፎቹ ውሃው ውስጥ የቆሙት ሊመገቡ ነው። ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፤ መነሣታቸው አይቀርም።

ከሁሉ አጥብቄ የምመክራችሁ ግን አንድን ቦታ ደጋግሞ ማንሣትን ነው። የአብያታ ሐይቅን ተመልከቱ። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ውሃ ያገኝ ነበር፤ ከላይ ለመስኖ፣ ከራሱ ደግሞ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲቀዳ ዳርቻው ሸሸ። በጎረቤቱ በሻላ ሐይቅ ደሴቶች ላይ እንቁላል የሚጥሉት ነጫጭ ፔሊካኖች ዓሣ የሚያጠምዱት አብያታ ወርደው ነበር። የአብያታ ጨው ሲበረታ ዓሣው አለቀ፤ አሁን ለምግባቸው ራቅ ብለው መብረር አለባቸው። መተሐራ ላይ ደግሞ የበሰቃ ሐይቅ በተቃራኒው እየሰፋ የመኪናውን መንገድና የባቡሩን ሐዲድ ተጋፍቷል። አንድ የሠለጠነ ዓይን፣ በየዓመቱ በአንድ ወር፣ ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆሞ ቢያነሣው ኖሮ፣ ለውጡን ማንም መካድ አይችልም ነበር። ስለዚህ ልጅ ሆናችሁ የተጫወታችሁበትን ዳርቻ ምረጡ፤ በፎቶው ላይ ቀኑንና ቦታውን መጻፍም አትርሱ። ውብ ባይሆንም ግድ የለም።

አዳማ በየአቅጣጫው እየተገነባች ለታናናሾቻችሁ ሜዳው እየራቀ ነው። እናንተ የዋላችሁበት ሜዳ ላይ እነሱም ይዋሉ፤ በዚህ ቅዳሜ ይዛችኋቸው ውጡ። ስልኩን ግን ቶሎ አትስጧቸው፤ መጀመሪያ ይዩ።