ርቀት በምን ይለካል?

ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ያለው የአየር ርቀት 330 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አውሮፕላን በአንድ ሰዓት ገደማ ያቋርጠዋል። በደብረ ማርቆስ በኩል የሚዞረው የመኪና መንገድ ግን ከ550 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ መልሶ ሽቅብ ስለሚወጣ ቀኑን ሙሉ ያስጉዛል። የደቅ ደሴት ደግሞ እዚያው ጣና ላይ ሆና ሳለ፣ በጀልባ የሚሄድባት ሰው ከአዲስ አበባው በረራ የበለጠ ጊዜ ይፈጅበታል። እንግዲህ በሹም አቦ ለሚኖር ሰው ቅርቡ የትኛው ነው?

ኪሎ ሜትር መሬትን ይለካል፤ ሰዓት መጓጓዣውን ይለካል፤ ሁለቱም የተጓዡን አቅም አይለኩም። በደንገል ታንኳ ማገዶ ጭኖ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ለሚቀዝፍ ሰው፣ በራሱ ላይ የሚያልፈው አውሮፕላን አዲስ አበባን አላቀረበለትም። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህም የየብሱ መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ ከስፍራዋ ያልተነቃነቀችው ከተማ በአንድ ሌሊት ራቀች። ለአየር ጉዞ የሚከፍለው ያለው ሄደ፤ የሌለው ቀረ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ከማድረጉ በፊት፣ ከሸዋ ጎጃም የሚዘልቅ የቅፍለት ነጋዴ ጉዞውን በሳምንታት ይቆጥር ነበር። በየመንደሩም «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ሲል ደጅ ይከፈትለታል፤ እግሩም ይታጠባል። ይህ ልማድ የመንገዱ ርዝመት የወለደው የመደጋገፍ ሕግ ነበር።

ከዚህ ተነሥተው ፍጥነት ሰውን ከሰው አራራቀ የሚሉ አሉ። አባባላቸው ግማሽ እውነት ነው። ወንዝ ሞልቶበት ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ የሞተ በሽተኛ፣ በርቀት ውስጥ አንዳች ውበት አላየም። ርቀትን ማሳጠር በራሱ ታላቅ የሰው ልጅ ሥራ ነው።

ፈጥኖ መድረስን ከመቀራረብ ጋር አንድ ማድረግም እንዲሁ ስሕተት ነው። ጧት በርሮ መጥቶ፣ በአዳራሽ ተሰብስቦ፣ ማታ የሚመለስ ባለሥልጣን ባሕር ዳር ደርሷል ለማለት ያስቸግራል፤ የደረሰው አዳራሹ ድረስ ነው። የዓባይን ሸለቆ በመስኮት አይቶ የቆላውን ገበሬ ኑሮ የሚጽፍ ደራሲም ከዚህ ወቀሳ አያመልጥም። ከላይ ሲታይ ሸለቆው የመሬት እጥፋት ብቻ ነው፤ የሚያርሰው ሰው አይታይም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ብሂል ቅርበትን የሚመዝነው በችግር ቀን በመድረስ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው በረራው የቆጠበው ጊዜ የማን ነው የሚለው ነው። ተሳፋሪው የከፈለው የወንበሩን ዋጋ ነው። ማረፊያውን የደለደለው ጉልበት፣ መካኒኩንና አብራሪውን ያስተማረው ሀብት የብዙኃኑ ነው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ አንድ ቀን እንኳ አልተሳፈሩም። የተረፈው ቀን እንግዲህ የግል ትርፍ ብቻ ሳይሆን ዕዳም ነው። መምህሩ፣ ባለሥልጣኑ፣ የኪነ ጥበብ ሰውም ከዚያ ቀን ከፍሎ በታንኳና በእግር የመጣውን ሰው ቁጭ ብሎ ሊያዳምጥበት ይገባል። ይህን ካላደረገ አውሮፕላኑ ያሳጠረው የእርሱን መንገድ ብቻ ነው።