ዓይነ ስውሩ የተቀበለው እንግዳ

ብቸኝነት ሰውን ክፉ ያደርገዋልን? ወይስ ክፉ በመሆኑ ነው ብቻውን የሚቀረው? እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሜሪ ሼሊ በ1818 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለንደን ላይ በታተመው «ፍራንከንስታይን» በተሰኘው ልብ ወለዷ ይህን ጥያቄ አንሥታለች። በታሪኩ ውስጥ ቪክቶር ፍራንከንስታይን የተባለ ወጣት ተመራማሪ ከሙታን አካል ሰው መሰል ፍጡር ይሠራል፤ ሕይወት በዘራበት ሌሊትም በመልኩ ደንግጦ ጥሎት ይሸሻል። ለፍጡሩ ስም እንኳ አልወጣለትም።

ይህ ስም የለሽ ፍጡር በጀርመን አገር በአንዲት ጎጆ ጥግ ተሸሽጎ ይኖራል። በጎጆዋ ያሉት ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ደ ላሲ፣ ልጃቸው ፊሊክስና እኅቱ አጋታ ናቸው። እነርሱም በግፍ የተፈረደበትን አንድ የባዕድ አገር ሰው ፊሊክስ በማስመለጡ ሀብታቸውን ተወርሰው ከፈረንሳይ የተባረሩ ስደተኞች ናቸው። ፍጡሩ በግድግዳው ስንጥቅ አጮልቆ እያየ መዋደዳቸውን ይመለከታል፤ በሌሊትም ማገዶ እያመጣ ደጃቸው ላይ ያኖርላቸዋል። ቋንቋቸውን የማታውቅ ሳፊ የተባለች የሩቅ አገር ልጅ ስትመጣ ቤተሰቡ በደስታ ይቀበላታል። ፊሊክስ ለእርሷ የሚያስተምረውን ፍጡሩም ከውጭ ሆኖ ያጠናል።

አንድ ቀን ሽማግሌው ብቻቸውን ሳሉ ደፍሮ ይገባል። እርሳቸውም ድምፁን ሰምተው በርኅራኄ ያነጋግሩታል። ልጆቹ ሲመለሱ ግን ፊሊክስ በበትር ይደበድበዋል። ፍጡሩ ሊያጠፋው የሚችል ኃይል እያለው እጁን ሳያነሣ ይወጣል።

በኋላ ግን ቤተሰቡ ለቅቆ የሄደባትን ጎጆ ያቃጥላል፤ የቪክቶርን ታናሽ ወንድም፣ ሕፃኑን ዊልያምን፣ አንቆ ይገድላል። መገፋቱ ይህን ግፍ አያጸድቅለትም፤ የሕፃኑ ደም የራሱ ዕዳ ነው። ይሁን እንጂ በሩን የዘጉበትስ ከዕዳ ነጻ ናቸውን? ፊሊክስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተማታውም አባቱን ያዳነ መስሎት ነው። ነገር ግን ለአንድ ባዕድ ሲል አገሩን ያጣው ሰው ሌላውን ባዕድ ለመስማት ጥቂት አልታገሠም። እንግዲያስ መሰደድ ብቻውን እንግዳ ተቀባይ አያደርግም።

በአገራችን መንገደኛ ሲመሽበት ከሰው ደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ይጣራ ነበር። ባለቤቱም በጨለማ ፊቱን ሳያይ ድምፁን ሰምቶ ይከፍትለታል። እኛንም በሰው አገር እንደ ሳፊ የተቀበሉን አሉ፤ እንደዚያ ፍጡር ከውጭ ያቆሙንም አሉ። ዛሬ የብዙዎቻችን ጎጆ ቆሟል። እንግዲህ ከደጃችን የቆመውን በዓይናችን ከመመዘናችን አስቀድመን ድምፁን እንስማ።