የሕዝብ እምቢታና የጋራ ጥቅም

በጎ ነገርን እምቢ የሚል ሰው ክፉ ሰው ነውን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ ሰው፥ እንዲሁም የሚያስተምርና የሚማር ሁሉ ሳይመረምረው ሊያልፈው የማይገባ ነው። ከውሃ፥ ከነፋስና ከፀሐይ የሚገኘው የኤሌክትሪክ ኀይል አየሩን ሳያጠቁር ቤትን የሚያበራ፥ ፋብሪካን የሚያንቀሳቅስ መልካም ነገር መሆኑን አብዛኞቻችን እናምናለን። ይሁን እንጂ ይህንኑ ለማስፋፋት የታሰበ ሕግ በሕዝብ ድምፅ ሲወድቅ በዓለም ታይቷል። እንግዲህ የተሳሳተው ሕጉን ያረቀቀው ነው ወይስ እምቢ ያለው ሕዝብ?

በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም. በአሜሪካ የአሪዞና ሕዝብ በዚህ ጉዳይ ድምፅ እንዲሰጥ ተጠየቀ። የቀረበው ሐሳብ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እስከ 2030 ድረስ ከሚሸጡት ኀይል ግማሹን ከታዳሽ ምንጭ እንዲያገኙ የሚያስገድድ ነበር። ደጋፊዎቹ አየሩ ይጸዳል አሉ፤ ተቃዋሚዎቹ የወር ሒሳቡ ይንራል ብለው መለሱ፤ ከሁለቱም ወገን ለቅስቀሳ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ፈሰሰ። በመጨረሻም ድምፅ ከሰጡት መካከል ከመቶ 69 ያህሉ እምቢ አሉ።

የስዊስ ሕዝብ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ሰኔ 6 ቀን 2013 ዓ.ም. አየርን የሚበክለውን ጭስ ለመቀነስ የወጣ ሕግ ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ ነበር። ሕጉ በነዳጅና በአውሮፕላን ቲኬት ላይ ተጨማሪ ክፍያ የሚጥል ስለ ነበረ ከመቶ 51.6 የሚሆነው መራጭ ጣለው። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ ሰኔ 11 ቀን 2015 ዓ.ም.፥ ዓላማው ያው የሆነ፥ ነገር ግን አዲስ ግብር የማይጥልና በነዳጅ የሚሠራ የቤት ማሞቂያቸውን ለሚለውጡ ሰዎች መንግሥት ገንዘብ የሚረዳበት ሌላ ሕግ ቀረበ። በዚህ ጊዜ ከመቶ 59.1 የሚሆነው እሺ አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ የሕዝቡ ጠባይ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሸክሙ አከፋፈል ነው። እንግዲህ ብዙ ጊዜ እምቢታ የምንለው ነገር «ማን ይክፈል?» የሚል ጥያቄ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በአገራችን ሕዝበ ውሳኔ እንግዳ ነገር አይደለም። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የሲዳማ ሕዝብ የራሱን ክልል ስለ ማቋቋም ድምፁን ሰጥቷል። ስለ ኤሌክትሪክ ኀይል ግን ሕዝቡ በምርጫ ኮሮጆ ተጠይቆ አያውቅም። ቢሆንም ጥያቄው ለእኛ ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ስታዲየም ፌርማታ ላይ ቆመን የምንጠብቀው ባቡር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ የአገሪቱም ኤሌክትሪክ ከሞላ ጐደል ሁሉ ከውሃና ከነፋስ የሚገኝ ነው። ከምንጮቹ አንዱ በታኅሣሥ ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፥ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብ ነው። ከግድቡ በታች በኦሞ ዳር የሚኖሩት ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ የወንዙን ሙላት ጠብቀው፥ ውሃው ሲሸሽ በረጠበው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ግድቡ ከተሠራ ወዲህ ሙላቱ እንደ ቀድሞው አልመጣም። እኛን በፍጥነት የሚያደርሰን ኀይል ለእነርሱ የእርሻውን ውሃ አሳጥቷል ማለት ነው።

አሁን ስለዚያ ግድብ አስቀድሞ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ነበር ብለን እናስብ። የስታዲየምና የመስቀል አደባባይ፥ የቂርቆስና የካዛንቺስ ሰው ብርሃን ፈልጎ «እሺ» ይል ነበር፤ ቍጥራችንም ከኦሞ ዳር ሕዝብ ስለሚበልጥ እናሸንፍ ነበር። ነገር ግን ብዙ ሆነን በማሸነፋችን የማሽላው ባለቤት ጉዳት ይቀር ነበርን? አይቀርም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በዚሁ ስታዲየም የኢትዮጵያ ቡድን የተባበሩት ዓረብ ሪፑብሊክን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ ሕዝቡ በደስታ ጮኸ፤ ግን በእግር ኳስ ጎል የሚቈጠረው ኳሱ መሥመሩን ሲያልፍ እንጂ ጩኸቱ ሲበዛ አይደለም። የድምፅ ብዛት አሸናፊውን ያሳውቀናል፤ ፍትሕን ግን በራሱ አይፈጥርም።

«እምቢ ያለውን ሁሉ ስንሰማ ግድብ መቼ ይሠራል? በኩራዝ የሚያጠናው ልጅስ እስከ መቼ ይጠብቃል?» የሚል ይኖራል። ይህ ክርክር ከባድ ነው፤ እኛም አናቃልለውም። ነገር ግን መስማትና መታዘዝ አንድ አይደሉም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየት የመስጠት መብት እንዳላቸው፥ በአንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ሥራ የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካ ተመጣጣኝ ካሳ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ይህ ማለት ሥራው ይቁም ማለት ሳይሆን ሰውየው ይቈጠር ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ብዙ ቤት ሲፈርስ ከካዛንቺስ ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወረው ሰው ይህን ነገር ሳይነገረው ያውቀዋል፤ የመንገዱን ማማር እያመነ ስለ ጎረቤቱና ስለ ዕድሩ መበተን ሊያዝን ይችላልና። ሁለቱንም ስሜት በአንድ ልብ ስለ ያዘ የልማት ጠላት አይባልም።

እምቢ የሚለውም ወገን ግዴታ አለበት። እምቢታው በወሬና በሐሰት ፍርሀት ላይ ከቆመ፥ ወይም የራሱን ሒሳብ ብቻ አይቶ ገና ያልተወለደውን ልጅ ከረሳ፥ ልማዱን እንጂ መብቱን አልጠበቀም። ምክንያቱን ሊናገር፥ የተሻለውንም መንገድ ሊያመለክት ይገባዋል። ዝም ያለውን ሰው ግን እሺ እንዳለ አድርጎ መቍጠር ለሹም የሚያጓጓ ስንፍና ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ መምህሩና ገበሬው፥ ነጋዴውና ወታደሩ ቦንድ ገዝተው ሸክሙን ስለ ተካፈሉት ሕዝቡ «የእኔ ነው» አለ። ይህን የመካፈል ልማድ ወደ ኦሞ ዳርም ብናደርሰው እምቢታው ወደ ምክር ይለወጥ ነበር። ስለዚህ በመሥሪያ ቤት ያለው ዕቅዱን ሲያወጣ ሸክሙ በማን ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ ይጻፍ፤ መምህሩም ተማሪውን እሺታንም እምቢታንም በምክንያት እንዲያቀርብ ያስለምደው። ብርሃኑን የሚያገኘው ሁሉ የብርሃኑን ዋጋ ከከፈለው ሰው ጋር ተማክሮ ያገኘው እንደ ሆነ፥ ያን ጊዜ በእርግጥ የጋራ ጥቅም ልንለው እንችላለን።