ሥልጣንን ስለ መያዝና ስለ መልቀቅ

ሥልጣን የያዘ ሰው ደም እንዳይፈስ ሲል ሥልጣኑን ሊለቅ ይገባዋልን? ወይስ በአደራ የተቀበለውን፣ በኃይል ለጠየቀው ሁሉ አሳልፎ ሊሰጥ አይችልም? ውድ አንባብያን፣ ይህን ጥያቄ ለማሰላሰል ከመጀመሪያዎቹ የእስልምና መሪዎች ሁለቱን ልናነሣ ወደድን።

ነቢዩ መሐመድ በ632 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ካረፉ በኋላ ሕዝቡን የሚመራው ተተኪ ኸሊፋ ተባለ። ሦስተኛው ኸሊፋ ኡስማን ኢብን አፋን፣ ከመካ ተሰደው ወደ አክሱም መንግሥት ከመጡት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች አንዱ እንደ ነበሩ ስለሚነገር ለአገራችን ባዕድ አይደሉም። በ644 የስድስት ሰዎች ጉባኤ መረጣቸው። ዘመዶቻቸውን በየግዛቱ በመሾማቸው ግን ቅሬታው እየበዛ ሄደ። በ656 ከግብፅ፣ ከኩፋና ከባስራ የመጡ ሰዎች መዲና ያለውን ቤታቸውን ከበው ሥልጣናቸውን እንዲለቁ ጠየቁ። በሙስሊሞች ዘንድ እንደሚተረከው፣ ኡስማን አምላክ ያለበሳቸውን ልብስ እንደማያወልቁ መለሱ፤ ስለ እርሳቸው ሰይፍ ሊመዙ የተነሡትንም ከለከሉ። ቁርዓን በማንበብ ላይ ሳሉ ተገደሉ።

ከዚያ በኋላ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ተነሣ። አራተኛው ኸሊፋ ዓሊም በ661 በኩፋ ተገደሉ። ልጃቸው ሐሰን ተተኩ፤ የሶርያው ገዥ ሙዓውያ ጦር ይዞ በመጣ ጊዜ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ በስምምነት ሥልጣኑን ለቀው ወደ መዲና ተመለሱ። ከገዛ ወገኖቻቸው አንዳንዶቹ አማኞችን አዋረዱ ሲሉ ነቀፏቸው።

ሁለቱም ሰዎች ስለ እነርሱ ደም እንዲፈስ አልፈቀዱም፤ አንዱ ሥልጣኑን እንደ ያዘ ሞተ፣ ሌላው ለቀቀ። የኡስማን እምቢታ የሥልጣን ጥም ነበር ለማለት አንደፍርም፤ የሥልጣን ጥም ያለበት ሰው ተከላካዮቹን ወደ ቤታቸው አይሰድምና። ሆኖም ከላይ የተሰጠ አደራ ከታች ለሚጮኸው ሕዝብም መልስ መስጠትን ይጠይቃል፤ የሹመቱ ቅሬታ ደግሞ መሠረት ነበረው። እንደ እኛ አስተያየት ስሕተቱ በከበባው ቀን ሳይሆን ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ነው።

የሐሰን ነገር ይበልጥ ይከብደናል። እርሳቸው በመልቀቃቸው የእርስ በርስ ጦርነቱ ለ20 ዓመት ያህል ጋብ አለ። ሙዓውያ ግን በሕይወት ሳለ ልጁን ያዚድን ወራሽ አደረገ፤ በምክክር ይሰጥ የነበረው መሪነት የአንድ ቤት ርስት ሆነ። በ680 የሐሰን ወንድም ሑሴን ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር በከርበላ በያዚድ ጦር ተገደሉ። ታዲያ ሐሰን በ661 መዋጋት ነበረባቸውን? አይመስለንም። ሌላው ሰው በሰላሙ ለሠራው ክፉ ነገር ሰላም ያወረደው አይጠየቅም፤ ምንም እንኳ ለከርበላ ሟቾች ቤተሰብ ይህን መልስ መስጠት የሚያስጨንቅ ቢሆንም።