ያለ ደዌ ስለሚታሰብ ኑሮ

ለረዥም ዘመን በደዌ የተያዘ ሰው ሁለት ኑሮ ይኖራል። አንዱ በየቀኑ የሚገፋው ነው፤ ሁለተኛው «ይህ ደዌ ባይኖርብኝ ኖሮ» እያለ በሐሳቡ የሚኖረው ነው። ይህ ሁለተኛው ኑሮ ይጠቅማልን ወይስ ይጎዳል? መልሱ ሐሳቡ ፊቱን ባዞረበት አቅጣጫ የሚወሰን ይመስለናል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ከዲላ ተነሥተን ወደ ጌዴኦ ኮረብቶች ብንወጣ፥ ቡናና እንሰት በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅሉበትን ምድር እናያለን። የጌዴኦ ሕዝብ በጥበቡ ጠብቆ ያቆየው ይህ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር፥ ከፍታና ብዙ ዝናም በተገናኙበት አገር ባዶ እግሩን የሚሄደውን ሰው የሚያሰጋ ደዌ አለ፤ እርሱም እግርን የሚያሳብጠው ዝሆኔ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር፥ ይህ ዝሆኔ በትንኝ ከሚተላለፈው የተለየ መሆኑንና ምክንያቱም ከአፈሩ ወደ ቆዳ የሚዘልቅ ደቃቅ ብናኝ መሆኑን አስረድቷል። ያበላ አፈር እግርን ሲያሳምም ማየት እንዴት ያሳዝናል!

በዚህ ደዌ የተያዘ ሰው «እግሬ ደኅና ቢሆን ኖሮ አግብቼ፥ ነግጄ ነበር» ቢል እውነት አለው፤ ከጋብቻም ከማኅበርም የሚያርቀው ጎረቤት አለና። እኛ ጤነኞቹ «አትመኝ» ልንለው አይገባንም። ነገር ግን የጎደለውን ሁሉ በአንድ ደዌ ላይ የጫነ እንደ ሆነ፥ ያልኖረው ኑሮ እንከን የሌለው ገነት ይሆንበታል፤ በእጁ ያለው ቀንም ሳያውቀው ያመልጠዋል። ሁለት ጤነኛ እግር ይዞ ሳያገባና ሳይነግድ የቀረ ስንት አለ!

ወደ ፊት የሚያይ ሐሳብ ግን ሌላ ነው። እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና ማጠብ፥ ቅባት መቀባት፥ በፋሻ ማሰርና ጫማ ማድረግ፥ በትኩሳት የሚያገረሸውን ሕመም እንደሚቀንስ በምሥራቅ ጎጃም የተደረገና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። የቀድሞው እግር እንደ ነበረ አይመለስ ይሆናል፤ ሆኖም በትኩሳት ሊያልፍ የነበረ ቀን ለእርሻና ለገበያ ይተርፋል። እንግዲህ «ደዌ ባይኖር ኖሮ» የሚለው ሐሳብ «ነገ ጧት ምን ላድርግ?» ወደሚል ጥያቄ ሲለወጥ መድኃኒት ይሆናል።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርምር ለዚህ ደዌ መጋለጥ በከፊል ከዘር እንደሚወረስ ገልጧል። ጎረቤት «በዘራቸው አለ» እያለ ቤተ ሰቡን ይሸሻል። ነገር ግን የሚወረሰው መጋለጡ ነው፤ እግሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ከአፈሩ የተጠበቀ ልጅ ከዝሆኔው ይድናል። ስለዚህ ለልጁ ጫማ የሚገዛ አባት፥ ለራሱ ያላገኘውን ኑሮ ለልጁ ያወርሳል።

ጫማ ግን በገንዘብ ይገዛል፤ ክብር ደግሞ በገበያ አይገኝም። ስለዚህም ያለ ደዌ የሚኖረውን ኑሮ ማሰብ ለበሽተኛው ብቻ የተተወ ሥራ አይደለም። እግሩ ያበጠ ሰው ልጁን ለልጃችን ቢጠይቅ፥ ምን ብለን እንመልስለታለን? ከምኞቱ እኩሌታው በዚህ መልሳችን ላይ ነው።